የገምጋሚ አፍ

አበልጄ ሊጣላኝ የመጣ ቀን የቤቴ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ስንት ዘመን ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ገብቶም ራሱ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው ነው። «ግባ እንጂ» አልሁት። «እዚሁ ይበቃኛል» አለና ወደ ደጅ ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ሰጠሽኝ?»

ምን እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው «ምኑን?» አልሁት። ይህን ማለቴ እሱን አናደደው፤ እኔንም አናደደኝ። በገዛ ቤቴ በር ላይ እንደ ሌባ እንድሸሸግ ያደረገኝ እሱ ነውና።

አበልጄ የምለው የልጄን የክርስትና አባት ነው። ሁለታችንም የምናስተምረው ቡሬ ነው፤ ቤታችን ግን ፍኖተ ሰላም ስለሆነ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ሄደን ማታ በአንድ ሚኒባስ እንመለስ ነበር። ባሌ ልጃችን ፊደል ሳይቆጥር ሞተብኝ። ያን ጊዜ ድንኳን ያስተከለው፣ ለቀስተኛ የተቀበለውና የሸኘው፣ ኋላም ልጁን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያስመዘገበው፣ ብስክሌት ሲማር ከኋላ እየሮጠ የደገፈው እሱ ነው። ልጄ «አባዬ» የሚለው እሱን ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ጥሩ ነገር ስለማልጽፍ ነው።

አበልጄ የበርበሬ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ማንኩሳ አጠገብ ነው። ክረምት ገብቶ መሬቱ ውኃ ሲቋጥር የእናቱ የበርበሬ ማሳ ጠውልጎ ሲደርቅ እያየ አደገ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አያወራም። በሽታው በሥሩ እንደሚገባ፣ የሚተከልበት መደብ ከፍ ቢል ምን እንደሚሆን፣ ዘሩ ቢመረጥ ምን እንደሚተርፍ ለሚኒባስ ረዳት ሳይቀር አስረድቷል። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ ስለ ምርምሩ እዚህ የጻፍሁት ሁሉ እሱ ራሱ በየመንገዱ የለፈፈው ነው። ከማመልከቻው አንብቤ አይደለም። አንብቤው እንደሆነም አልነግራችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አለ፤ ስሙን ተዉት። መምህራን ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ድርጅቱ ማመልከቻዎቹን ሙያውን ለሚያውቁ ሰዎች ያከፋፍልና ነጥብ ያሰጣል። እነዚህ ሰዎች ገምጋሚ ይባላሉ። እኔ አንዷ ነበርሁ። ገምጋሚ የሆነ ሰው ቃል ገብቶ ይፈርማል። ማን ምን እንዳመለከተ፣ ማን የማንን እንዳነበበ፣ ማን ስንት እንደሰጠ፣ በስብሰባው ማን ምን እንደተናገረ ከክፍሉ አይወጣም። ዘመዱ ወይም ወዳጁ ያመለከተበት ሰው ደግሞ ይህንኑ አስታውቆ ከዚያ ማመልከቻ ይርቃል። እኔ ርቄያለሁ ወይስ አልራቅሁም? እሱም ከክፍሉ አይወጣም። ሰው ይህን ሲሰማ «ይቺን እንኳ ብትናገሪ ምን አለበት?» ይለኛል። አለበት እንጂ። በዚህ አገር ስለ በርበሬ በሽታ የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። «እኔ አይደለሁም» ካልሁ አበልጄ የቀሩትን ጣቶች ቆጥሮ ሰውየውን ያገኘዋል። አግኝቶም ዝም አይልም።

ድርጅቱ ሁላችንንም አስፈርሞ ሾፌሩን ረሳው። መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ስለነበር ባሕር ዳር ለሚደረገው ስብሰባ መኪና ላከልን። ሾፌሩ የቡሬ ልጅ ነው። እኔን ከፍኖተ ሰላም ይዞ ወጣና ቡሬ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ቁርስ ሳልበላ አልነዳም አለ። እኔ ከመኪናው አልወረድሁም። እሱ ቁርስ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ፉሉን እየበላ ለአስተናጋጇም ለባጃጅ ሾፌሮችም ወደ እኔ በጣቱ እያመለከተ ሲያወራ በመስኮት አየዋለሁ። ምን እንዳለ ኋላ ነው የሰማሁት። «የምርምር ብር የምታድለዋ ሴትዮ እቺ ናት፤ ማን ያግኝ ማን ይጣ የምትለው እሷ ናት።» እኔ ከባሕር ዳር ሳልመለስ ቡሬ ሰማ። ቡሬ የሰማውን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ለመስማት አንድ ሚኒባስ ይበቃዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

መስከረም ላይ ውጤቱ መጣ። የአበልጄ ማመልከቻ ወደቀ። በሬ ላይ የቆመው በዚያው ሳምንት ነው።

«አልነግርህም» አልሁት።

«ገምግመሽዋል አልገመገምሽውም?»

«እሱንም አልነግርህም።»

«እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም። አበልጅሽ ነኝ።»

«አበልጄ ስለሆንህ ነው የማልነግርህ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ጥሩ ሰጥተሽኝ ቢሆን ትነግሪኝ ነበር» አለ።

ይቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ከስንት ሰው አፍ ሰማኋት! ጎረቤት ብሎኛል፣ የሥራ ባልደረባ ብሎኛል፣ ምሥር ልትበደረኝ የመጣች ሴት ሳትቀር ብላኛለች። ጥሩ ሲሆን የሚነገር፣ ክፉ ሲሆን የሚደበቅ ከሆነ ምኑን ምሥጢር ሆነ? ያን ጊዜ ዝም ያለ ሁሉ ክፉ ሠርቷል ማለት ነው። ምሥጢር ጥሩውንም ክፉውንም እኩል ካልዋጠ ሥራ አይሠራም። ይህን ለአበልጄ በሬ ላይ ልነግረው ሞከርሁ። «ለተማሪዎችሽ አስተምሪው» ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዤለት ነበር። ገባ፣ አየኝ፣ «እንደምን አደሩ» አለኝ። ረዳቱ ራሱ ዞሮ አየን። «አይቸገሩ፣ እኔ ከኋላ ይመቸኛል።» ጎጃም ውስጥ አንቱታ ክብር ነው፤ እናቴን አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁት። ባሌን አብሮኝ የቀበረ ሰው፣ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት አንቱ ሲለኝ ግን በጥፊ የመታኝ ያህል ነው የተሰማኝ። እስከ ቡሬ ድረስ መስኮቱን እያየሁ ተቃጠልሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥም ተማሪ ፊትም «እርስዎ» ነኝ። በር ላይ ከተገናኘን «ይለፉ» ይለኛል። አንድ ቀን ንዴቴ መጣና «ስድብ ከፈለግህ በግልጽ ስደበኝ» አልሁት። «እኔ? እርስዎን? ምን በወጣኝ!» አለ።

ወሬው ደግሞ ሥራውን ይሠራ ነበር። አንደኛው ወሬ ሐሳቡን ሰርቄ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ልሠራበት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባሌ ሲሞት አበልጄን ላገባው ፈልጌ እምቢ ስላለኝ ተበቅዬው ነው የሚል ነው። ይህን ያስወራችውን ሴት አውቃታለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ገበያ ላይ እየሳመችኝ ታልፋለች። አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም፤ በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። የባሌን ዐፅም ነው ያጎደፉት። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በተቃራኒው ወደደኝ። ከሰከላ የመጣ ነጭ ማር ይዞ ቤቴ ድረስ መጣና «እኔም ለመጪው ዓመት አመለክታለሁ፤ አንቺ እንደሁ አፍሽ ጥብቅ ነው» ብሎ ጠቀሰኝ። ማሩን አስይዤ መለስሁት። እሱም ከበር ሳይርቅ ለሰው ምን እንዳለ ሰማሁ፤ «ማሩ አነሰባት መሰል።» በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ «ቃልሽን ጠበቅሽ፣ ጎበዝ» ያለኝ አንድ ሰው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ እውነት ግን እንዲጠራ አይፈቀድለትም።

ለምን እንዲህ እንደምከርር የሚጠይቀኝ ቢኖር አንድ ነገር እነግረው ነበር። ወጣት መምህርት ሳለሁ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ጻፍሁ፤ ስለ ጎተራ ነቀዝ ነበር። ብዙ ወራት ቆይቶ አንድ ሥልጠና ላይ ለሻይ ወጥተን ሦስት ሰዎች ሲሳሳቁ ሰማሁ። አንደኛው «አንዲት የጎጃም ልጅ የእናቷን ጎተራ ላጥና ብላ ብር ጠየቀች» ይላል። ከዚያ እንግሊዝኛዬን፣ እኔ ጭንቅ ብዬ የጻፍሁትን ዓረፍተ ነገር፣ በቃሉ እያጣመመ አለላቸው። ሻዬን ይዤ ከጀርባው ቆሜ ነበር። የማን እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለማንም አላመለከትሁም። ያን ሰው እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። እንግዲህ የአበልጄ ማመልከቻ የተነበበ ከሆነ፣ ያነበበውም ማንም ይሁን ማን፣ በሻይ ሰዓት እንዳይሳቅበት ነው ይህ ሁሉ። የምጠብቀው እሱን ነው። ይህን ግን ማን ይሰማኛል?

ኅዳር ላይ ልጄ መጣ። ሥራው ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ሙሽራዋ የግሽ ዓባይ ልጅ ናት፤ አባቷ ለጠላ ብቅሉን፣ ለድንኳን ቦታውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ልጄ የመጣው አባዬ ከሚለው ሰው ቤት ነበር።

«አልመጣም አለኝ» አለ። «'እናትህ አንዲት ቃል ትናገርና እመጣለሁ' አለኝ።»

«የትኛዋን ቃል?»

«አንቺ ታውቂያታለሽ፣ እማ።»

ልጄ ቁጡ አይደለም፤ በአባቱ ወጥቷል። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። «የሙሽራዋ አባት ሰምተዋል» አለ። «'የክርስትና አባቱ የራቀው ልጅ ምን ቢገኝበት ነው?' ብለው ጠይቀዋል። ምን ልበላቸው?»

«እኔ ላናግራቸው እችላለሁ።»

«ምን ትያቸዋለሽ? ለእሳቸውም ዝም ልትያቸው ነው?» ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ለሱ አልነግረውም። እኔ ብቻ ልወቀው።»

ልጄን እንዲህ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም። አባቱ ሲቀበርም ምንም አልለመነኝም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ አልዋሽም። «ለአንተ ከነገርሁህ» አልሁት፣ «ነገ ፊቱን ስታየው በፊትህ ያነበዋል። ሲጠይቅህም ትዋሸዋለህ ወይ ትነግረዋለህ። ሁለቱንም አልሰጥህም።»

ልጄ ተነሣ። «እሱ እኮ አባቴ ነው» አለ። «አንቺ ደግሞ ... ጥሩ ቢሆን ኖሮ ትናገሪው ነበር።»

እሱም አለኝ። ከዚያች ቀን በኋላ አበልጄን ተቀየምሁት አልልም፤ ጠላሁት። በእኔና በልጄ መካከል ገብቷልና።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ ተላከብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የነፍስ አባቴ የሆኑት ቄስ ናቸው። ሁለተኛው የአበልጄ አጎት፣ የማንኩሳ ገበሬ ናቸው፤ ነገር በማዞር የሚታወቁ ሰው። ሦስተኛው ጎረቤቴ ነው፤ ለሁሉም «እውነት ነው» እያለ ተቀምጦ የሄደ።

አጎትየው ጀመሩ። «ልጄ፣ እንዲያው አንድ ሰው ነበር» አሉ። «በጓሮው ምንጭ አለች። ጎረቤቱ ጠማው። 'ውኃ አለህ?' ቢለው ዝም። 'የለህም?' ቢለው ዝም። ኋላ ምንጯ ደረቀች ይላሉ።»

«አባቴ፣ ያቺ ምንጭ የእኔ አይደለችም» አልሁ። «የአደራ ናት።»

«እውነት ነው» አለ ጎረቤቴ።

«ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር» አሉ አጎትየው። «ዛሬ ዳኛ አለ። ነገ ውኃው ይሞላል።»

ወደ ቄሱ ዞርሁ። «አባ፣ እርስዎ የስንቱን ሰው ኑዛዜ በሆድዎ ይዘዋል? የእኔንም ይዘዋል። አንድ ሰው መጥቶ 'እቺ ሴት ስለ እኔ ምን ተናዘዘች?' ቢልዎ ይነግሩታል?»

ቄሱ ቆጣ አሉ። «እኔ የምጠብቀው ነፍስ ነው። የአንቺ ወረቀት ነው። አታወዳድሪ።»

«ያ ወረቀት የሰው ልጅ ልፋት ነው፣ አባ።»

«ልፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሽ ነዋ የምትነፍጊው!» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ልጄ ጓዳ ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስንት ሰጠሽ አንልሽም። ተዪው። 'አልጎዳሁትም' ብለሽ ማይ። መስቀሉን ሳሚና ማይ፤ ይበቃናል።»

ቀላል ይመስላል። ያን ዕለት ቤቴ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀላል መስሏቸው ነበር። «አልምልም» አልሁ። «ዛሬ እኔ ከማልሁ ነገ ሌላው ገምጋሚ 'እሷ ምላለች፣ አንተም ማል' ይባላል። የማይምለው ጎጂ ይሆናል። እኔ ነፃ የምወጣው ሌላ ሰው ታስሮ ነው?»

«ይታሰራ!» አሉ አጎትየው ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «የወንድሜን ልጅ የጎዳው እሱ ከሆነ ይጠየቃላ! አንቺን ምን አገባሽ?»

«አዩ?» አልሁ ቄሱን። «ለዚህ ነው አፌን የዘጋሁት።»

ጎረቤቴ «እውነት ነው» አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው።

ቄሱ መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። አጎትየው ግን ቀድመው ያሰቡት ነገር ነበር፤ ለዚሁ ነው የመጡት ብዬ አምናለሁ። «እንግዲያው» አሉ፣ «አልናገርም፣ አልምልም ያለ ሰው ድንጋይ ይሸከማል።»

ድንጋይ መሸከም ለማያውቅ ሰው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የበደለው ሰው ፊት ቀርቦ «ማረኝ» ይላል። የተበደለው ድንጋዩን ካነሣለት ታረቁ። ካላነሣለት እንደ ጎበጠ ይቆያል። ይህን የሚያደርገው ሰው የገደለ፣ ድንበር የገፋ፣ ሚስት የነጠቀ ነው። ነጥብ የሰጠ ሰው ድንጋይ ሲሸከም በአገራችን የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የሰጠሁ ከሆነ ማለቴ ነው።

«ምን በድዬ?» አልሁ።

«እሱን አንቺ ነሻ የማትነግሪን!» አሉ አጎትየው።

ከንዴቴ ብዛት ሳቄ መጣ። ሁሉንም ከቤቴ ላስወጣቸው ነበር። ያን ጊዜ ልጄ ከጓዳ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ዐይኑ ቀልቷል። ከሙሽራነቱ በፊት እንዲህ ሲሆን ላየው አልፈለግሁም።

«ድንጋዩን እሸከማለሁ» አልሁ። «'በድያለሁ' ግን አልልም።»

«ማረኝ ማለት በድያለሁ ማለት ነው» አሉ አጎትየው።

«አይደለም። ቅዳሴ ላይ 'ማረን' ጻድቁም ኃጥኡም ይለዋል። አይደለም እንዴ፣ አባ?»

ቄሱ ሳይወዱ በግድ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ተስማማን። ስለ ምን እንደሆነ ሳይነገር «ማረኝ» እላለሁ፤ እሱ ያነሣልኛል፤ ለሠርጉ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አጎትየው በር ላይ ዞረው «እልኸኛ ነሽ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው።

ጥር እንደ ገባ ማንኩሳ ሄድን። የአጎትየው ግቢ ሙሉ የተሰጣ በርበሬ ነው፤ ቀይ ሆኖ አፍንጫ ይቆርጣል። ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል፤ ቄሱ ጸሎት ጀምረው በመሀል ሁለቴ አነጠሱ። ጎረቤት በአጥር ላይ ተደርድሯል። እርቅ ነው የተባለው፤ የመጣው ሰው ግን ትርኢት ሊያይ ነው። «ይቺ ናት? ይቺ የተማረችዋ?» ስትል አንዲት ሴት ሰማሁ። ልጄ ከእጮኛው ወንድም ጋር ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ወንድምየው የተላከው አይቶ ለግሽ ዓባዮቹ እንዲነግር ነው።

አጎትየው ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ቄሱ «ሴት ናት» ብለው ትንሹን አነሡልኝ። ደሜ ፈላ። ትልቁን ራሴ አንሥቼ አንገቴ ላይ አደረግሁት። ሰዉ «እሰይ፣ ትሕትናዋ!» አለ። ትሕትና አልነበረም። በትንሽ ድንጋይ ትንሽ በደል አለብኝ ሊያሰኙኝ አልፈለግሁም፤ ከተሰደብሁ አይቀር ሙሉውን ልሰደብ።

ጎንበስ እንዳልሁ ወደ አበልጄ ሄድሁ። የማየው እግሩን ብቻ ነው። ሱሪው አዲስ ነው፤ ልጄ ለሠርጉ ያሰፋለት ሱፍ ነው። ልክ ተለክቶ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ለብሶታል። ይህ ሰው ለመምጣት ከቆረጠ ቆይቷል ማለት ነው። እንደሚመጣ እያወቀ፣ ልጄን ለወራት እያስለቀሰ፣ እኔን እዚህ በርበሬ መሀል ድንጋይ አስይዞ አቆመኝ። አንገቴ ይቃጠላል፤ ድንጋዩ ሳይሆን ይህ ነው ያቃጠለኝ። ቢሆንም አልሁት፤ ለልጄ ስል አልሁት።

«ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።»

ቶሎ አላነሣልኝም። አንድ ሰው አስነጠሰ። ቄሱ «እንግዲህ አንሣላት» አሉት። እንደገናም አሉት። ከዚያ እጁ መጣና ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሣው። ቀና አልሁ። ፊቱ ፊቴ አጠገብ ነበር። ከዚያ ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ቀርቤ አላየሁትም፤ ሸብቷል። ድንጋዩን እንደ ታቀፈ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። አንቱታውን ትቶታል።

«አሁንስ ንገሪኝ» አለኝ። «ስንት ሰጠሽኝ?»

«ድንጋዩን መልስልኝ» አልሁት።

አየኝ። እንዳልቀለድሁ ገባው። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እሱ ግን ድንጋዩን አልሰጠኝም። ሽማግሌዎቹ የተባባልነውን አልሰሙም። «ተሳሳሙ እንጂ!» አሉ አጎትየው። አበልጄ ድንጋዩን ጣለውና ትከሻዬን ይዞ ጉንጬን ሳመኝ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ደግሞ አንዱን።

«አልተውሁልሽም» አለኝ በመሀሉ።

«እኔም» አልሁት።

እልልታ ሆነ። ልጄ ከበሩ ሮጦ መጥቶ የክርስትና አባቱን ጉልበት ሳመ። እሱም ሁለት እጁን ልጄ ራስ ላይ አድርጎ፣ ትዳርህ ይባረክ፣ ጎጆህ ይሙቅ፣ ልጅህ አንተን ይምሰል እያለ ረጅም ምርቃት መረቀው። የሙሽራዋ ወንድም ይህን ሁሉ አየ። እኔም ከሰዉ ጋር፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ፣ አሜን አልሁ።